የጤና ጣቢያ መድኃኒት እንዳያልቅና እንዳይበላሽ፦ ከርክክብ እስከ አርአርኤፍ

ጤና ጣቢያ ውስጥ መድኃኒት ሲጠፋ ጣት ቶሎ የሚቀሰረው ወደ ላይ ነው፤ ወደ ወረዳው፣ ወደ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ ቅርንጫፍ፣ ወደ አቅራቢው። አቅራቢው ጋር ዕቃ የሚያልቅበት ጊዜ በእርግጥ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን እጥረቱ የሚጀምረው እዚያው ስቶር ውስጥ ነው፦ ባልተሞላ ቢን ካርድ (የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበት ካርድ)፣ በተምታታ መለኪያ፣ መድኃኒቱ ያልነበረባቸውን ቀናት በዘለለ ጥያቄ። ከዚህ በታች ያለው በጤና ጣቢያው ባለሙያ እጅ ስላለው ሥራ ነው። ለስቶር ኃላፊዎች፣ ለፋርማሲ ባለሙያዎችና ለወረዳ ደጋፊዎች የተጻፈ ሲሆን የተመሠረተውም የመንግሥት ጤና ተቋማት በሚሠሩበት የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት፣ በተለምዶ አይፒኤልኤስ በምንለው ላይ ነው።

በቃል መያዝ ያለባቸው ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ከፍተኛ ክምችታቸው የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ነው፤ የግማሽ ወር ሲቀር አስቸኳይ ጥያቄ ይላካል። ጤና ኬላ ከፍተኛው 2 ወር፣ ዝቅተኛው 1 ወር፣ የአስቸኳይ ጥያቄው ነጥብ 1 ሳምንት ነው። መደበኛው ሪፖርትና ጥያቄ፣ ማለትም አርአርኤፍ፣ በየ2 ወሩ ይሞላል። አራት ወር የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱ ወር እስከሚቀጥለው ጥያቄ የሚበላ ሲሆን የቀረው ሁለት ወር መኪና ሲዘገይ፣ መንገድ ሲቆረጥ ወይም ሕመምተኛ በድንገት ሲበዛ መሸፈኛ ነው። «የ4 ወር ብዙ ነው፣ ይበላሻል» ብሎ የ2 ወር ብቻ የሚጠይቅ ስቶር ይህን መሸፈኛ በገዛ እጁ ያጣል።

ዕቃ ሲመጣ

ሹፌሩ ይቸኩላል፣ ጉልበት ሠራተኛው ካርቶኑን ይደረድራል፣ ሰነዱ ለፊርማ ይቀርባል። አይፈርሙ። መጀመሪያ ከፍሪጅ ውጭ መቆየት የሌለባቸውን፣ ኦክሲቶሲንና ኢንሱሊንን የመሳሰሉትን፣ ለይተው ወደ ፍሪጅ ያስገቡ፤ የእነሱ ቆጠራ እዚያው ፍሪጁ አጠገብ ይሁን። ቀጥሎ እያንዳንዱን ዕቃ ከሰነዱ ጋር ያመሳክሩ፦ ስም፣ ጥንካሬ (250 ሚሊግራም ነው ወይስ 500?)፣ ዓይነት (ክኒን፣ ካፕሱል፣ ሽሮፕ፣ መርፌ)፣ የማሸጊያ መጠን፣ ብዛት፣ ባች ቁጥር (አብሮ የተመረተው ዕቃ መለያ) እና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ። ማሸጊያው የተነካ ወይም ጥጉ የረጠበ ካርቶን ሁሉ ተከፍቶ ውስጡ ይቆጠራል። ጎደሎ ወይም ብልሽት ከተገኘ ሹፌሩ ሳይሄድ በሰነዱ ላይ ተጽፎ በሁለቱም ወገን ይፈረማል፤ መኪናው ከወጣ በኋላ የተገኘ ጉድለት የስቶር ኃላፊው ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) የሚቆረጠው ተቆጥሮ ለተረከቡት ልክ እንጂ በሰነዱ ላይ ለተጻፈው ልክ አይደለም።

የማብቂያው ጊዜ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት ዋጋው ከባድ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚታተመው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ስቶሩ ግን የሚሠራው በእኛ ነው። «06/2026» የሚል ጽሑፍ መድኃኒቱ እስከ ጁን መጨረሻ፣ ማለትም እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ያገለግላል ማለት ነው። 06ን የካቲት ብሎ ያነበበ ሰው ደህናውን መድኃኒት ከአራት ወር በፊት ያስወግዳል። ከዓመቱ ላይ ሁልጊዜ 8 መቀነስም ያሳስታል፤ «11/2026» ኅዳር 21 ቀን 2019 ነው እንጂ 2018 አይደለም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ነውና። መፍትሔው አንድ ነው፦ ቢን ካርዱ ላይም መደርደሪያው ላይም ቀኑን ማሸጊያው ላይ እንዳለ በፈረንጆች ይጻፉ፣ ከጎኑ «እ.ኤ.አ.» ያድርጉ፤ ማስላት ካስፈለገም ሌላ ወረቀት ላይ ያስሉ። በአንድ ካርድ ላይ ሁለቱን አቆጣጠር አያቀላቅሉ።

ስቶሩ ውስጥ

ካርቶን መሬት ላይ አይቀመጥም። ፓሌት ላይ ሆኖ ከወለል ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከግድግዳና ከሌላ ክምር 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ቁመቱም ከ2.5 ሜትር አይለፍ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካርቶን በክረምት እርጥበት ይስባል፣ ከጀርባው አይጥ ይገባበታል፣ አየርም አይዞርበትም። በጣም ከፍ ብሎ የተቆለለ ደግሞ የታችኛውን ካርቶን ይጨፈልቃል፤ የግሉኮስ ከረጢት የሚፈሰው እንዲህ ነው። ባች ቁጥሩና ማብቂያው የተጻፈበት ፊት ወደ መተላለፊያው ይዙር። ቀድሞ የሚያበቃው ፊት፣ ዘግይቶ የሚያበቃው ኋላ ይቀመጣል፤ ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይውጣ ማለት ግን አይደለም፣ ዘግይቶ የመጣ ባች ቀድሞ የሚያበቃበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ፔቲዲን፣ ሞርፊንና ዳያዜፓም የመሳሰሉት በቁልፍ በሚዘጋ ሣጥን፣ በተለየ መዝገብ ይያዛሉ። አልኮልና ሌላ ተቀጣጣይ ነገር ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ባይሆን ይመረጣል። የክፍሉም የፍሪጁም ሙቀት ጠዋትና ከሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ይመዘገባል፤ ዓርብ ማታ የጠፋ መብራት የሚያደርሰውን ጉዳት ሰኞ ጠዋት የሚታየው 5 ዲግሪ አይነግረንም።

ስለ ኦክሲቶሲን ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ማዋለጃ ክፍል ግን ጠዋት አንድ ሙሉ ፓኬት ይወጣና ትሪ ላይ ቀኑን ይውላል፣ ማታ የተረፈው ወደ ፍሪጅ ይመለሳል፣ በነጋታው እንደገና ይወጣል። አምፑሉ ውስጥ ያለው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ቀለሙን አይለውጥም፣ አይደፈርስም። አቅሙ መድከሙ የሚታወቀው ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት ላይ ነው። ስለዚህ ለማዋለጃ ክፍል ለአንድ ተረኛ ከሚበቃው በላይ አይስጡ፤ እዚያው ፍሪጅ ከሌለ በአይስ ፓክ የሚሠራ ትንሽ የክትባት መያዣ ይመድቡ፣ አምፑሉ ግን ከበረዶው ጋር በቀጥታ አይነካካ። ፋርማሲው የራሱ ፍሪጅ ከሌለው ከክትባት ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ በተለየና ስሙ በተጻፈበት ሣጥን ማስቀመጥ ይቻላል። ኢንሱሊን ደግሞ ጠላቱ ቅዝቃዜም ነው፤ ከፍሪጁ በረዶ ቤት ጋር ተጠግቶ አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አይሰጥም፣ ይወገዳል።

ቢን ካርድ

ለእያንዳንዱ መድኃኒት፣ ለእያንዳንዱ ጥንካሬና ዓይነት አንድ ካርድ። ካርዱ የሚኖረው ዕቃው ካለበት መደርደሪያ ላይ እንጂ ቢሮ ፋይል ውስጥ አይደለም። የሚሞላውም ዕቃው ሲንቀሳቀስ፣ እዚያው ቆሞ ነው። «ማታ አጠቃልዬ እሞላለሁ» የተባለ ካርድ በሳምንቱ የማይታመን ይሆናል፤ አንዴ ካልታመነ ደግሞ ማንም አያየውም።

ዋናው መሠናክል መለኪያ ነው። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ 1,000 ክኒን በያዘ ቆርቆሮ፣ በሌላ ጊዜ 100 ክኒን በያዘ ፓኬት ይመጣል። ካርዱ ላይ «12» ብቻ ከተጻፈ 12,000 ክኒን ይሁን 1,200 ማን ያውቃል? ካርዱ አናት ላይ መለኪያውን ይጻፉ፣ ለክኒንና ለካፕሱል አንዱን ፍሬ እንደ መለኪያ ይያዙ፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ሁሉ ወደዚያ ቀይረው ይመዝግቡ። የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፣ በላዩ አይጻፍበትም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ አጠገቡ ይፈረማል። የጠፋ፣ የተሰበረ፣ ጊዜው ያለፈ፣ ለሌላ ተቋም የተሰጠ ሁሉ በብክነትና ማስተካከያ ዓምድ ከነምክንያቱ ይሰፍራል። ይህን ዓምድ ባዶ ትቶ ልዩነቱን «ወጪ» ውስጥ መቅበር የሚመስለውን ያህል ቀላል ነገር አይደለም፤ የተሰበረው 200 ፍሬ ሕመምተኛ እንደወሰደው ሆኖ ይቆጠርና የሚቀጥለው ጥያቄ ይጋነናል።

በየሳምንቱ አምስት መድኃኒት ይምረጡና ይቁጠሩ። ካርዱና መደርደሪያው ካልተስማሙ ምክንያቱን በዚያው ቀን ይፈልጉ፤ የአንድ ሳምንት ወጪ ወደ ኋላ መከታተል ይቻላል፣ የስድስት ወር ግን አይቻልም። ዳጉ የሚባለውን ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ተቋማትም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት የወጣው ዕቃ ካርዱ ላይ ካልሰፈረ የትም አይገኝም።

አርአርኤፍ፦ ስሌቱ እና የሚያበላሸው ነገር

ከመሙላትዎ በፊት ይቁጠሩ። ስቶሩን ብቻ ሳይሆን ፋርማሲውን፣ መርፌ ክፍሉን፣ ድንገተኛውንና ማዋለጃውን። በመሳቢያ የተቀመጠ ሴፍትሪያክሶን ካልተቆጠረ እንደተበላ ይወሰዳል።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የዙሩ መነሻ ሚዛን (ሁለት ወሩ ሲጀመር በእጅ የነበረው) ሲደመር የተረከቡት፣ ብክነትና ማስተካከያው ተደምሮ ወይም ተቀንሶ፣ ከዚያ ላይ የመጨረሻው ሚዛን ሲቀነስ የሁለት ወሩ ፍጆታ ይገኛል። ፍጆታው በ2 ሲባዛ ከፍተኛው የ4 ወር ክምችት ነው። ከእሱ ላይ በእጅ ያለው ሲቀነስ የሚጠየቀው መጠን ይወጣል። በአሞክሲሲሊን 500 ሚሊግራም ካፕሱል እንሥራው።

መነሻ 3,200
የተረከቡት 6,000
ብክነት 200 (ተቀናሽ)
የመጨረሻ ሚዛን 2,400
ፍጆታ 3,200 + 6,000 − 200 − 2,400 = 6,600
ከፍተኛ ክምችት 6,600 × 2 = 13,200
የሚጠየቅ 13,200 − 2,400 = 10,800 ካፕሱል፣ ማለትም ባለ 100 ፓኬት 108

ትክክል ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ዙር ውስጥ አሞክሲሲሊን ለ15 ቀን ጨርሶ አልነበረም እንበል። 6,600ው ካፕሱል ያለቀው በ60 ቀን ሳይሆን በ45 ቀን ነው ማለት ነው። እውነተኛው የሁለት ወር ፍላጎት 6,600 × 60 ÷ 45 = 8,800 ይሆናል። ከፍተኛው 17,600፣ የሚጠየቀው 15,200። ልዩነቱ 4,400 ካፕሱል፣ ልክ የአንድ ወር ፍላጎት ነው። ያልነበረባቸውን ቀናት የዘለለ ባለሙያ ያለፈውን እጥረት ወደሚቀጥለው ዙር ያሻግረዋል፤ በሚቀጥለውም እጥረት ይኖራል፣ ፍጆታው አሁንም አነስ ብሎ ይታያል፣ ጥያቄውም ያንሳል። መድኃኒቱ «እኛ ጋ ብዙም አይፈለግም» እስኪባል ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ዕቃው ያለቀበትንና እንደገና የገባበትን ቀን ካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፉ፤ ያለ እነዚህ ሁለት ቀኖች ማስተካከያው አይሠራም።

በእጅ ያለው 2,400ም ሌላ ታሪክ ይናገራል። በወር 4,400 የሚፈለግ ከሆነ 2,400 የግማሽ ወር ያህል፣ 16 ቀን ገደማ ብቻ ነው። መደበኛው አቅርቦት እስኪመጣ አያደርስም። አስቸኳይ ጥያቄ አሁኑኑ ይሂድ፣ የአጎራባች ጤና ጣቢያም ይጠየቅ።

የሐምሌና ነሐሴ ዙር ጳጉሜን ስለሚጨምር 60 ሳይሆን 65 ቀን ነው፣ በየአራት ዓመቱም 66። ቀናት ሲያስተካክሉ ይህን አይርሱ።

የወባ መድኃኒት ላይ ደግሞ ቀመሩ ብቻውን አይበቃም። በብዙ ቆላማና ወይና ደጋ ወረዳዎች ወባ የሚበረታው ዝናቡ ሲያበቃ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የግንቦትና የሰኔን ወይም የሐምሌና የነሐሴን ፍጆታ በ2 አባዝቶ ለዚያ ወቅት መጠየቅ እሳት ከተነሣ በኋላ ውሃ ፍለጋ እንደ መሄድ ነው። ያለፈውን ዓመት የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ካርድ አውጥተው እሱን መነሻ ያድርጉ፣ ለምን ከቀመሩ በላይ እንደጠየቁም በአስተያየት ቦታው ላይ ይጻፉ። ያለ ማብራሪያ የመጣ ትልቅ ቁጥር ቅርንጫፉ ላይ ይቆረጣል።

የወባ መድኃኒቱ አርቴሜተር-ሉመፋንትሪን የሚመጣው በክብደት በተለዩ አራት ማሸጊያዎች ነው፤ 6፣ 12፣ 18 እና 24 ክኒን የያዙ። የሕፃናቱ ባለ 6 ሲያልቅ የአዋቂው ባለ 24 በመቀስ ተቆርጦ ለአራት ልጆች ይሰጣል። ሕፃኑ መታከሙ ትክክል ነው፣ ሊደረግም ይገባል። ነገር ግን ሪፖርቱ ላይ የአዋቂ ፍጆታ ከፍ፣ የሕፃናቱ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ በሚቀጥለውም የሚመጣው የአዋቂው ነው። ተቆርጦ የተሰጠውን በተለየ ወረቀት ይመዝግቡና ፍጆታውን በሕፃናቱ ማሸጊያ ሥር ይቁጠሩት።

ክፍሎችና ጤና ኬላዎች

የውስጥ ክፍሎች በአይኤፍአርአር፣ ማለትም በተቋሙ የውስጥ ሪፖርትና ማሟያ ቅጽ፣ በተወሰነ ቀን፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ሪፖርት አድርገው ይሞላላቸዋል። ቀኑ ይታወቅ፤ ለምሳሌ ማክሰኞ። በየቀኑ «ሁለት ብቻ ስጠኝ» እየተባለ የሚከፈት ስቶር ካርዱን መጠበቅ አይችልም። አንድ ክፍል ከቀኑ ውጭ ደጋግሞ ከመጣ ችግሩ የተመደበለት ከፍተኛ መጠን ማነሱ ነው፣ እሱን ያስተካክሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየወሩ ቅጻቸውን ይዘው ሲመጡ የሚሰጣቸው ባዶ እጅ እንዳይሆን ለኬላዎች የሚውለውን አስቀድመው ለይተው ይያዙ።

የሚያበቃውን ቀድሞ ማየት

በየወሩ መጀመሪያ፣ ማብቂያቸው ከ6 ወር በታች የቀረውን ይዘርዝሩ። ለእያንዳንዱ፣ በቀሩት ወራት ውስጥ ሊወጣ የሚችለውን ያስሉ። 900 ቫያል አለ፣ በወር 60 ይወጣል፣ 5 ወር ቀርቶታል ብንል፣ የሚወጣው 300 ነው፤ 600ው ካሁኑ ሌላ ቦታ ካልሄደ ጊዜው ያልፍበታል። ይህን ዝርዝር ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ያሳውቁ፣ የሚፈልገው ተቋም ሲገኝ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ እዚያ በሞዴል 19 ገቢ ይሁን። 5 ወር ሲቀረው የሚቀበል ይገኛል፤ 3 ሳምንት ሲቀረው የሚሰጥ ግን ችግሩን ለጎረቤት ማሸጋገሩ ነው።

ጊዜው ያለፈበት በዚያው ቀን ከመደርደሪያ ይነሣል፣ «ለአገልግሎት የማይውል» ተብሎ በቀይ ይጻፍበታል፣ በቁልፍ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ከካርዱም ይቀነሳል። ማስወገዱ በኮሚቴ፣ ዓይነቱ፣ መጠኑና ዋጋው ተዘርዝሮ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባለበት ይፈጸማል። ግቢ ውስጥ ክምር አድርጎ ማቃጠል ወይም ሽንት ቤት መጣል አይፈቀድም፤ የተጣለ መድኃኒት ተለቅሞ ገበያ ይወጣል፣ የአንቲባዮቲክ ፍሳሽም ወደ ውሃ ይገባል።

ገንዘቡ ሲያንስ

የፕሮግራም መድኃኒቶች፣ የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የወባና የቤተሰብ ዕቅድ፣ ያለ ክፍያ ይመጣሉ፤ ሌላው የሚገዛው ከተዘዋዋሪው ፈንድ፣ ማለትም ከመድኃኒት ሽያጭ ተመልሶ ለመግዣ ከሚውለው ገንዘብ ነው። ሁሉን መግዛት በማይቻልበት ጊዜ ዝርዝሩን የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው በሦስት ይክፈለው፦ ከሌለ ሰው የሚሞትበት፣ አስፈላጊ የሆነው፣ ቢቆይ የሚቻለው። ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ኦክሲቶሲን፣ አርቴሱኔት መርፌ፣ ኦአርኤስና ዚንክ፣ የሕፃናት ሳንባ ምች የሚታከምበት 250 ሚሊግራም የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ከመጀመሪያው ክፍል ናቸው፤ የቫይታሚን ሽሮፕ ከእነሱ በፊት አይገዛም። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ዕቃው ከሌለው፣ እንደሌለው የሚገልጽ ደብዳቤ በዚያው ቀን ይጠይቁ፤ ከግል አቅራቢ ለመግዛት ያ ደብዳቤ ይፈለጋል፣ እሱን ለማምጣት እንደገና የሚደረገው ጉዞም ሳምንት ይበላል።

የስቶር ኃላፊው ለፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲዛወር ቁልፍ ብቻ አይሰጥም፤ ሁለቱ አብረው ቆጥረው ይፈራረማሉ። ለሌሊትና ለበዓል ተረኛ ደግሞ የነፍስ አድን መድኃኒቶች ዝርዝሩ ክዳኑ ላይ በተለጠፈ ሣጥን ውስጥ ሆነው በድንገተኛ ክፍል ይቀመጡ፤ የተጠቀመ ሰው ይመዝግብ፣ ሣጥኑም በማግስቱ ጠዋት ይሞላ፤ ፍሪጅ የሚፈልገው ኦክሲቶሲን ግን የት እንዳለ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ እንጂ ሣጥኑ ውስጥ አይግባ።